ሰውን ሳናውቀው መፈረጅን እንዴት እንቀንስ?

አንድ ጊዜ አዲስ የሥራ ባልደረባ መጣልን። አፉን ሲከፍት አነጋገሩ ከእኛ የተለየ ነበር። ወዲያው በልቤ «ይሄ ሰው ሥራውን አይችለውም» አልኩ። ከእኔ አብልጦ የሚያውቀውን ነገር ለሳምንታት ሳስረዳው ከረምኩ። እሱ በትዕግሥት ያዳምጠኝ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ በጣም አፈርኩ። ግን ማፈሬ ብቻውን አልቀየረኝም። የቀየረኝ ከእሱ ጋር አንድ ከባድ ሥራ ይዘን ሌት ተቀን መልፋታችን ነው።

ጭፍን ጥላቻ ማለት ይኸው ነው። ሰውዬውን ሳናውቀው፣ ከእነ እገሌ ወገን ስለሆነ ብቻ የምንሰጠው ፍርድ። ሊቀንስ ይችላል። መንገዱ ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ዓይነት አይደለም።

1. እኔንም ይመለከተኛል ብላችሁ ጀምሩ

«እኔ ማንንም አልጠላም» የሚለው አባባል በሩን ይዘጋዋል። ፈረጃ እንዲጀምር ጥላቻ እንኳ አያስፈልገውም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሄንሪ ታጅፌል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ታዳጊ ወንድ ተማሪዎችን በሁለት ቡድን ከፈለ። ሁለት ሠዓሊዎችን አወዳድሮ «እናንተ የዚህኛውን፣ እናንተ ደግሞ የዚያኛውን ሥዕል ወዳችኋል» አላቸው። እውነቱን ለመናገር ድልድሉ እንደ ዕጣ ነበር። ልጆቹ በቡድናቸው ማን እንዳለ እንኳ አያውቁም። ያም ሆኖ ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ለማያውቁት የራሳቸው ወገን አዳሉ። አንዳንዴም የራሳቸው ቡድን ድርሻ ቢቀንስም ከሌላው መብለጡን መረጡ።

ታጅፌል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። አብዛኛው ቤተሰቡ በናዚዎች ተገድሏል። ሰው እዚያ ድረስ እንዴት እንደሚደርስ ሲጠይቅ የመጀመሪያውን ደረጃ እንዲህ ባለ ተራ ነገር ውስጥ አገኘው። «እኛ» እና «እነሱ» ለማለት አንድ ስም መስጠት ብቻ በቂ ሆኖ ተገኘ።

2. ሐሳቡን አታፍኑት፣ እጅ ከፍንጅ ያዙት

«እንዲህ አላስብም» ብሎ ከራስ ጋር መታገል ብዙ ጊዜ አያዋጣም። በ1994 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኒል ማክሬ እና ባልደረቦቹ ለጥናታቸው ተሳታፊዎች ራሱን የተላጨ የወሮበላ ቡድን አባል የሚመስል ሰው ፎቶ አሳይተው «የዚህን ሰው የአንድ ቀን ውሎ ጻፉ» አሉ። ግማሾቹን «ከፈረጃ ተቆጠቡ» ብለው አስጠነቀቋቸው። እነሱም ለጊዜው ተሳካላቸው። ቆይቶ ስለ ሌላ ተመሳሳይ ሰው ሲጽፉ ግን ያፈኑት ሐሳብ ብሶበት ተመለሰ። ሰውዬው ተቀምጦበት ነበር ከተባለው ወንበርም ከሌሎቹ ይበልጥ ርቀው ተቀመጡ።

ስለዚህ ሐሳቡ ሲመጣ ስም ስጡት። «አሁን ፈረጅኩት» በሉ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ስለዚህ ሰው፣ ስለ ራሱ፣ ምን ማስረጃ አለኝ? ይህንኑ ነገር የእኛ ወገን ቢያደርገው ምን እል ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄ ኃይለኛ ነው። የእኛ ሰው ሲያረፍድ «መንገድ ዘግቶበት ይሆናል» እንላለን። የእነሱ ሰው ሲያረፍድ «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» እንላለን። የእነሱ ሰው መልካም ሲሠራ ደግሞ «እሱ ለየት ያለ ነው» ብለን እናልፋለን። በዚህ ሒሳብ እነሱ መቼም አያሸንፉም። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሉ የለ?

3. አብራችሁ ሥሩ

ከሁሉም እርምጃ ብዙ የተጠናውና ብዙ የተመሰከረለት ይህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ባሳተመው ሥራው ሰዎች መገናኘታቸው ብቻ እንደማይበቃ ጽፏል። አራት ነገር ያስፈልጋል አለ፦ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል መሆን፣ የጋራ ዓላማ፣ መተባበር፣ የበላይ አካል ድጋፍ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሙዛፈር ሸሪፍ በአሜሪካ ኦክላሆማ 22 ወንድ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ አወዳደራቸው። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ ነው። ብዙም ሳይቆይ መሰዳደብና ባንዲራ መቃጠል መጣ። አብረው እንዲበሉና ፊልም እንዲያዩ ቢደረግም ጠቡ አልበረደም። ያበረደው የካምፑ ውኃ ሲቋረጥ አብረው ችግሩን መፈለጋቸው፣ የምግብ መኪናው «አልነሳም» ሲል በገመድ አብረው መጎተታቸው ነው። እርግጥ ችግሮቹን ያዘጋጁት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

በ2006 ቶማስ ፔቲግሩ እና ሊንዳ ትሮፕ 515 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ ግንኙነት በአብዛኛው ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ አገኙ። የኦልፖርት አራት ነገሮች ሲሟሉ ደግሞ ውጤቱ ይጠነክራል።

ስለዚህ የእራት ግብዣ ከማዘጋጀት ይልቅ ሥራ ፈልጉ። የእግር ኳስ ቡድን፣ የጥናት ቡድን፣ የተበላሸ ነገር መጠገን፣ ምንም ይሁን። አንዱ ወገን ብቻ ተላላኪ፣ ሌላው አዛዥ ከሆነ ግን ነገሩ ይብሳል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። የተናቀውን ሰው «ና አስተምረን» እያላችሁ ሸክሙን በእሱ ላይ አትጫኑ። ቁስሉን በየቀኑ ለሰው ማሳየት ያደክማል።

4. የሌላውን ሰው ፈረጃ ስትሰሙ አትሟገቱ

ዘመድ ወይም ጓደኛ ክፉ ነገር ሲናገር ስድብ አፋችን ላይ ይመጣል። የተሰደበ ሰው ግን አቋሙን አጥብቆ ይይዛል። ዴቪድ ብሩክማን እና ጆሹዋ ካላ በ2016 ያሳተሙት ጥናት ሌላ መንገድ ያሳያል። በአሜሪካ ማያሚ ውስጥ ቤት ለቤት የሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለሚፈረጁ ሰዎች 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አወሩ። ሳይፈርዱ ጠየቁ፣ አዳመጡ። ባለቤቱ ራሱ የተናቀበትንና የተገለለበትን ጊዜ እንዲያስታውስ አደረጉ። የአመለካከቱ ለውጥ ቢያንስ 3 ወር ቆየ።

እናንተም «እንዲህ እንድታስብ ያደረገህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ።

5. ስትወስኑ በልባችሁ ብቻ አትመኩ

ማሪያን በርትራንድ እና ሴንድሂል ሙላይናታን በ2004 ባሳተሙት ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ላሉ ቀጣሪዎች የፈጠራ የሥራ ማመልከቻዎችን ላኩ። በነጮች ዘንድ የተለመደ ስም የያዙት፣ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደ ስም ከያዙት 50 በመቶ ገደማ የበለጠ ጥሪ አገኙ። የትምህርትና የሥራ ልምዱ ተመጣጣኝ ነበር። ከቀጣሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸውን እንደ ፍትሐዊ ሰው ሳይቆጥሩ አይቀሩም።

ሰው ስትቀጥሩ፣ ፈተና ስታርሙ፣ ቤት ስታከራዩ መስፈርቱን አስቀድማችሁ በወረቀት አስፍሩ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ጠይቁ። ሲደክማችሁና ስትጣደፉ አትወስኑ። ሲቻል ስሙን ሸፍኑት። የምትገልጡትም ነጥቡን ሰጥታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን።