ኮምፒውተር በኔትወርክ አልነሳም ሲል፦ ኤረሩን አይቶ የዲኤችሲፒውን ችግር ማግኘት

ፒኤክስኢ (ኮምፒውተር ከዲስኩ ሳይሆን ከኔትወርክ ፋይል አውርዶ የሚነሳበት መንገድ) እምቢ ሲል መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ኤረር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የት ጋ እንደቆመ ኮዱ ራሱ ይናገራል፣ ብዙ ሰው ግን ሳያነበው ሰርቨሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ይጀምራል።

ኢ51 ካለ፣ ዩኢኤፍአይ (አዲሶቹ ማሽኖች በባዮስ ፈንታ የሚነሱበት ሶፍትዌር) ላይ ደግሞ ኢ16፣ አይፒ የሚሰጠው ዲኤችሲፒ ሰርቨር አላገኘም። የዲኤችሲፒ ሰርቪሱ መነሳቱን፣ ፋየርዎሉ ዩዲፒ 67ን አለመዝጋቱን እዩ። ሰርቨሩ ሌላ ቪላን (ስዊቹ ላይ ለብቻ የተከፈለ ኔትወርክ) ላይ ከሆነ ብሮድካስቱ፣ ማለትም ለሁሉም የሚላከው ጥያቄ፣ ራውተር ስለማያልፍ ጥያቄውን ወደ ሰርቨሩ የሚያሻግር ዲኤችሲፒ ሪሌይ ያስፈልጋል፣ ሲስኮ ላይ አይፒ ሄልፐር አድሬስ የሚሉት ነው። ዊንዶውስ ከገባ በኋላ አይፒ ያገኛል ግን በፒኤክስኢ አያገኝም? እንግዲያው ስዊቹን ጠርጥሩ፣ ስፓኒንግ ትሪ (ስዊቹ ኔትወርኩ ላይ ዙረት እንዳይፈጠር የሚከላከልበት ዘዴ) ፖርቱን 30 ሰከንድ ያህል ይዞ ያቆየዋል፣ ኮምፒውተሩ እስከዛ አይጠብቅም። ኮምፒውተር የተሰካባቸው ፖርቶች ላይ ብቻ ፖርትፋስት (ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲከፈት የሚያደርገውን) አብሩ።

ኢ53፦ አይፒ አገኘ፣ የሚነሳበትን ፋይል ስም ግን የነገረው የለም። ዲኤችሲፒው ከአይፒ ጋር ተጨማሪ መረጃ የሚልክባቸው ኦፕሽኖች አሉ፣ ኦፕሽን 66 ላይ የቲኤፍቲፒ ሰርቨሩን (ፋይሉን የሚልከውን) አድሬስ፣ 67 ላይ የፋይሉን ስም አስገቡ። አስገብታችሁም አንዴ እየሰራ አንዴ እምቢ ካለ የሆነ ቦታ ሌላ ዲኤችሲፒ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ዝም ብሎ የሰካው የዋይፋይ ራውተር ነው።

ኢ32 ቲኤፍቲፒው አልመለሰም ማለት ነው። ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒ 69ን መክፈት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፣ ዳታው በሌላ ፖርት ነው የሚመጣው። ፋይሉ የለም ካለ ደግሞ ሊኑክስ ካፒታልና ስሞል ሌተር እንደሚለይ አትርሱ።

ሰው በጣም የሚለፋበት ግን ይሄ ነው፦ አሮጌዎቹ ማሽኖች ይነሳሉ፣ አዲሶቹ ፋይሉን አውርደው ወደ ቡት ሜኑ ይመለሳሉ። አሮጌዎቹ ባዮስ ናቸው፣ አዲሶቹ ዩኢኤፍአይ፣ ለሁለቱም ያው ፋይል አይሆንም፣ 67 ላይ አንድ ስም ጽፎ መተው ደግሞ ለሁሉም ያንኑ መላክ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠይቅ በኦፕሽን 93 ምን አይነት እንደሆነ ይናገራል፣ 0 ባዮስ፣ 7 ባለ 64 ቢት ዩኢኤፍአይ። ዲኤንኤስማስክ (ሊኑክስ ላይ የሚሰራ የዲኤችሲፒ ፕሮግራም) ላይ ይሄን ቁጥር በታግ (በምልክት) ይዛችሁ ለ7 ባለ ኢኤፍአይ ፋይሉን፣ ለቀረው የባዮሱን ስጡ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ደግሞ በፖሊሲ ይለያል። ኦፕሽን 60 እዛ የሚያስፈልገው ዲኤችሲፒውና ዊንዶውስ ዲፕሎይመንት ሰርቪስ (ዊንዶውስን በኔትወርክ የሚጭነው) አንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ ነው፣ ለየብቻ ሆነው ካስገባችሁት ራሱ ያበላሻል።

አይፒኤክስኢ (በፒኤክስኢ ወርዶ ቀሪውን ማስነሳት የሚረከብ ፕሮግራም) ተነስቶ መልሶ ራሱን እያወረደ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ሁለተኛ ሲጠይቅ ዩዘር ክላሱ (ራሱን የሚያስተዋውቅበት ኦፕሽን) ላይ አይፒኤክስኢ ነኝ ስለሚል እሱን እያያችሁ ያኔ ስክሪፕቱን ላኩለት።