ክሪክ ያነሳል፣ ካቫሌቶ ይሸከማል፦ መኪናችንን ቤት ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎረቤቴ ቪትዙን በክሪክ አንስቶ የፊት ጎማውን ፈታ። የፍሬን ሸራ ሊቀይር ነበር። መሃል ላይ ለምሳ ተጠራና ገባ። በልቶ ሲወጣ መኪናው በፍሬን ዲስኩ መሬት ላይ ተቀምጧል። ክሪኩ አልተሰበረም፤ አልተንሸራተተም። ቀስ በቀስ ወርዷል፣ በቃ። ምሳው ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ እጁ ከሥር ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ላገኘሁት ሁሉ እናገራለሁ። ዘይት መቀየር፣ ጎማ ማዘዋወር፣ የፍሬን ሸራ ማየት ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ብርም ይቆጥባል፣ መኪናችሁንም ያስተዋውቃችኋል። አደጋው ያለው ግን ቡሎን መፍታቱ ላይ ሳይሆን ማንሳቱ ላይ ነው። አብዛኛው ስህተት ደግሞ የሚጀምረው ዕቃውን ስንገዛ ነው።

ብሩን ሁሉ ክሪክ ላይ መጨረስ

ብዙ ሰው ደህና ክሪክ ይገዛል። ካቫሌቶውን ግን «በሚቀጥለው» ብሎ ይተወዋል። ካቫሌቶ የምላችሁ መኪናው ከተነሳ በኋላ ከሥሩ የሚቆመውን፣ ከላይ ጠበብ ብሎ ከታች እግሩን የከፈተውን ብረት ነው። እስታንድ የሚሉትም አሉ።

ሃይድሮሊክ ክሪክ ላይ መኪናውን የያዘው ዘይት ነው። ያን ዘይት የያዙት ደግሞ ቀለበት የምታህል ጎማና አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናቸው። ጎማዋ ስታረጅ ወይም ቫልቯ ላይ ቆሻሻ ሲገባ ዘይቱ ሾልኮ ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ መኪናውም ይወርዳል። አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴ በቅጽበት። የጎረቤቴ ክሪክ ያደረገው ይህንኑ ነው። አዲስ ክሪክም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ካቫሌቶ ውስጥ ዘይት የለም። ብረት ብረት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ብር ካጠረ ከክሪኩ ቀንሱ እንጂ ካቫሌቶውን አትተዉ። ከመኪናው ጋር የመጣው በእጅ የሚሽከረከር ትንሹ ክሪክ እንኳ ከሁለት ደህና ካቫሌቶዎች ጋር ሲሆን፣ ብቻውን ከቆመ ውድ ክሪክ ይሻላል። ሥራው ያደክማል፤ ግን ከሥር መግባት ይቻላል።

ብሎኬት ላይ ማስቀመጥ

ይህን ስህተት ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ፤ ምክንያቱም በየግቢው አለ። ቤት ሲሠራ የተረፈ ብሎኬት ጥግ ላይ ተደርድሯል። ጠንካራ ይመስላል። ቤት የሚሸከም ነገር መኪና እንዴት ያቅተዋል ይባላል።

ግድግዳ ውስጥ ያለ ብሎኬት ክብደቱን በሙሉ ፊቱ፣ በሲሚንቶ ተያይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚሸከመው። መኪና ግን የሚያርፍበት በጠባብ ብረት ነው። ያ ሁሉ ጫና አንድ መስመር ላይ ያርፋል። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ አያስጠነቅቅም። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ይንቋቋል። ብሎኬት ይፈነዳል። አጋድሞ መጠቀምም አይረዳም። ድንጋይ መደራረብም ያው ነው።

የግድ ካቫሌቶ ከሌላችሁ ወፍራምና ሰፋፊ ሞራሌ ሁለት በሁለት እያነባበራችሁ፣ አንዱን ንብርብር ከሌላው በተቃራኒ አጋድማችሁ መደርደር ይሻላል። እሱም ለአጭር ሥራ ነው።

የቶኑን ቁጥር ሳይረዱ መግዛት

ሁለት ቶን ተብሎ የተጻፈበት ክሪክ ለቪትዝ ከበቂ በላይ ነው፤ ቪትዝ 1,000 ኪሎ ገደማ ናት። ኮሮላ እንደ ዓመቱ ከ1,100 እስከ 1,300 ኪሎ ይመዝናል። ለእሱም ይበቃል። ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ግን ባዶውን ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል፤ ላንድክሩዘር ቪ8 ደግሞ ከ2,500 ኪሎ ያልፋል። ለእነዚህ ከሦስት ቶን በታች አልመክርም።

«እኔ የማነሳው አንድ ጎን ብቻ ነው፣ ግማሹ ክብደት ነው» የሚል ክርክር እሰማለሁ። እውነት ነው። ግን ሞተሩ ፊት ለፊት በሆነ መኪና ላይ ከግማሽ የሚበልጠው ክብደት ፊት ነው ያለው። ከኋላ ዕቃ ተጭኖ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ዕቃችሁ የመኪናውን ሙሉ ክብደት የሚችል ይሁን።

ካቫሌቶ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ካርቶኑ ላይ «3 ቶን» ተብሎ የተጻፈው ለአንዱ ነው ወይስ ለጥንዱ? በተለይ ከአሜሪካ በሚመጡት ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ለሁለቱ በአንድ ላይ ነው። ሳትጠይቁና ሳታነቡ አትግዙ።

ስሙን ብቻ አምኖ መቀመጥ

በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር ፒትስበርግ በሚል ስም የሚሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ካቫሌቶዎች ከገበያ ሰበሰበ። ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። ችግሩ ካቫሌቶውን በተነሳበት ቁመት በሚቆልፈው ጥርስ ላይ ነው፦ የሚይዘው ምላስ ጥርሱ ውስጥ በሚገባው ጥልቀት ስለማይገባ ክብደቱ ሲነቃነቅ ሊለቅ ይችል ነበር። ምትክ ሆነው ከተሰጡት ውስጥም አንዱ በብየዳ ጉድለት ምክንያት በዚያው ዓመት እንደገና ተጠርቷል። ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ሆናችሁ ያገለገለ ካቫሌቶ ከሰው ልትገዙ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን አይታችሁ ከተሰበሰቡት መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ወደ አገር ቤት የምትልኩ ከሆነም እንዲሁ።

እኔ የምወደው ባለ ፒኑን ነው። ቀዳዳ አለው፣ ወፍራም ብረት በቀዳዳው ያልፋል፣ በቃ። ባለ ጥርሱን ከገዛችሁ ተጨማሪ መቆለፊያ ፒን ያለውን ምረጡ።

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ስትገዙ ወይም ብየዳ ቤት ስታሠሩ ከቀለሙ በታች ያለውን እዩ። ብየዳው ዙሪያውን የተሞላ ነው ወይስ ነጥብ ነጥብ ብቻ? እግሩ መሬት ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል? ፒኑ ቀዳዳውን ሞልቶ የሚገባ ድፍን ብረት ነው ወይስ ከሥራ የተረፈ ቀጭን ፌሮ? ብየዳ ቤት የሠራውን ካቫሌቶ አልንቅም፤ በደንብ የተሠራ አይቻለሁ። ግን ስንት ኪሎ እንደሚችል የፈተነው ሰው የለም። ስለዚህ ለቀላል መኪና ብቻ እላለሁ።

ቁመቱን አለመለካት

ጠርሙስ የሚመስለው ቋሚ ክሪክ ርካሽና ጉልበተኛ ነው። ብዙዎቹ ግን ሙሉ በሙሉ ወርደው እንኳ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይቆማሉ። ጎማ የተነፈሰበት አውቶሞቢል ሥር አይገቡም። ለሃይሉክስና ለአይሱዙ ጥሩ ናቸው። ለአውቶሞቢል መሬት ላይ ተጋድሞ የሚንከባለለው ባለ ጎማ ክሪክ ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት በሜትር ለኩ፦ ጎማው ተንፍሶ ሳለ ማንሻ ቦታው ከመሬት ስንት ነው? ለከፍተኛ መኪና ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ክሪኩ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ጎማው ገና ከመሬት አለመነሳቱን የምታዩት ሥራው መሃል ላይ ነው።

ኮብልስቶን ላይ ማንሳት

ይህ እምብዛም አይነገርም። ባለ ጎማ ክሪክ ክንዱ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይደለም የሚወጣው፤ ቅስት ይሠራል። መኪናው ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል የሚደረግ ድጋፍ) ስለተደረገለት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መንቀሳቀስ ያለበት ክሪኩ ነው፤ በትንንሽ ጎማዎቹ ወደ መኪናው ይንከባለላል። ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ጎማዎቹ ክፍተቱ ውስጥ ይቀረቀራሉ። ያኔ ክሪኩ መኪናውን ይጎትታል ወይም ጫፉ ከተያዘበት ይንሸራተታል። ጠጠር ላይም እንዲሁ ነው።

መፍትሔው ወፍራም ጣውላ ነው። ለክሪኩ አንድ ረዥም፣ ለካቫሌቶዎቹ ደግሞ ሁለት ሰፋፊ። አፈር ላይ በተለይ በክረምት የካቫሌቶ እግር ሲሰምጥ ዓይናችሁ እያየ ነው። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁም በሙቀት የለሰለሰ አስፋልት ላይ ያው ይገጥማችኋል። ተዳፋት ላይ ግን ጣውላም አያድንም። ሜዳ ፈልጉ።

በእጅ ፍሬን መተማመን

የእጅ ፍሬን በአብዛኛው መኪና ላይ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ኋላውን ካነሳችሁ ምንም የያዘ ነገር የለም። ማርሹን ፒ ላይ ማድረግም አይበቃም። በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ አንዱን የፊት ጎማ ስታነሱ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል መሬት ላይ ያለው ጎማ እንዲዞር ይፈቅዳል፤ የተነሳው በተቃራኒው እየዞረ። ረዳቶች ድንጋይ ወርውረው ታኮ የሚያደርጉት ያለ ነገር አይደለም። መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። ከዚያ በፊት ግን ጎማውን አስረው የያዙትን ዳዶዎች ትንሽ አላሉ። ጎማው ተነስቶ ከኪያቤ ጋር መታገል መኪናውን ያንገጫግጫል።

ያገኙት ቦታ ላይ መደገፍ

ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) መግፋት ዘይቱን ያፈሳል፤ ወለሉን መግፋት ላሜራውን ያጎብጣል። የመኪናው መመሪያ ማንሻ ቦታዎቹን በሥዕል ያሳያል። ብዙ አውቶሞቢል ላይ ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ምልክት አለ። እዚያ ላይ መሃሉ የተቦረቦረ ጎማ ክሪኩ ጫፍ ላይ ማድረግ ጠርዙን ከመታጠፍ ያድናል።

ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ በየቀኑ እየጨመረ ነው። የእናንተ መኪና ባትሪ ወለሉ ሥር ነው የተዘረጋው። ክሪኩ አንድ እጅ ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ የሚገፋው ባትሪውን ነው። የባትሪ መያዣ ከተሰረጎደ ዋጋው ሌላ፣ የእሳት አደጋው ሌላ። ክብደቱም ይለያል፤ የቮልስዋገኑ አይዲ.4 ሁለት ቶን ገደማ ነው። በመልኩ አውቶሞቢል ቢመስልም ክሪኩን እንደ ሃይሉክስ ምረጡለት።

የፍሬን ዘይት መጨመር

ክሪክ ሲደክም ያገኙትን ዘይት የሚሞሉ አሉ። የፍሬን ዘይት ክሪኩ ውስጥ ዘይቱን የሚይዙትን የቀለበት ጎማዎች ይጎዳል። የክሪክ ዘይት ተብሎ የሚሸጠውን ብቻ ጨምሩ። ጠርሙስ ክሪክን አጋድማችሁ አታስቀምጡ፤ አየር ይገባዋል።

ሳይነቀንቁ ከሥር መግባት

መኪናው ካቫሌቶው ላይ ካረፈ በኋላ ቆማችሁ በሁለት እጅ ግፉት። በደንብ። ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ። የሚወድቅ ከሆነ አሁን ይውደቅ። ክሪኩን አታውጡት፤ ሳይሸከም ነካ ብሎ ይቆይ። የፈታችሁትን ጎማም አጋድማችሁ ከመኪናው ጎን ሥር አስገቡት። ከዚያ ቤት ላለ ሰው «ከሥር ልገባ ነው» በሉ፤ ልጆችም ወደ መኪናው እንዳይጠጉ ይደረግ።

ስታወርዱ ደግሞ ከሥር የቀረ ዕቃ አለመኖሩን ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ቫልቩንም በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ጎማው መሬት ሲነካ ዳዶዎቹን በማቋረጥ፣ አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ትንሽ ነድታችሁ ስትመለሱ አንዴ እንደገና ሞክሯቸው።