ቀለሙን መጨረሻ ምረጡ፦ ቤት ሲሰናዳ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ ቤቱ ያለቀለት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ቀለም መሸጫ ነው። ግድግዳው ይቀባል፣ መጋረጃና ሶፋ ይገዛል፣ በመጨረሻም ከእናት ቤት የመጣው የሱፍ ባና ወይም ዝተት ይዘረጋል። ነገሩ ሁሉ የሚጣላው ያን ጊዜ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧላ! ቀለም በፈለጉት መልክ ይበጠበጣል፤ ሱፍና እንጨት ግን የራሳቸውን መልክ ይዘው ይመጣሉ። የመንዝ በግ የሚሰጠው ጥቁር፣ ቡናማ፣ ግራጫና ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ነው። ጽድ ወደ ቀይ ያደላል፤ ወይራ ቡናማ ሆኖ ጥቁር መስመር ይሄድበታል። ስለዚህ የማይለወጠውን ዕቃ ባዶው ክፍል ውስጥ አስቀምጡ፣ ወለሉንም ጨምራችሁ እዩ፣ ቀለሙን ከዚያ በኋላ ምረጡ። ከታች ካሉት ስህተቶች አንዳንዶቹ የሚወለዱት ይህ ሥርዓት ሲፈርስ ነው።

ደማቅ ነጭ ግድግዳ ከሱፍና ከፈትል ጋር

«ነጭ ከሁሉም ጋር ይሄዳል» የሚለው ምክር ብዙ ቤት አበላሽቷል። ተበጥብጦ በባልዲ የሚሸጠው ነጭ የፕላስቲክ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነጭ ነው፤ በጥንቃቄ ሲታይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያልተነከረ የበግ ሱፍ ደግሞ፣ በእጅ የተፈተለ የጥጥ ጋቢም ቢሆን፣ ወደ ቢጫ ያደላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን ግድግዳውን የነጭ መለኪያ አድርጎ ይይዘዋል፤ ባናው ወዲያው ያደፈ ይመስላል። ንጹሕ ነው፣ ግን ንጹሕ አይመስልም። የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ባናው ደጋግሞ ይታጠባል፣ አልነጻ ሲል በረኪና ይገባበታል። በረኪና ሱፍን ይበላል፤ ጠጉሩ ይሰባበራል፣ መልኩም ጭራሽ ቢጫ ይሆናል። ስንት ሰው የደከመበትን፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ባና በአንድ ከሰዓት ማጥፋት ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ የግድግዳው ሆኖ ሳለ ቅጣቱን ሱፉ ይቀበላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከነጩ ቀለም 1 ሊትር ለይታችሁ በማቅለሚያ ጠብታ አስተካክሉ፤ ቢጫ ኦከር (አፈር መሳይ ቢጫ) ጥቂት ጠብታ፣ በጣም ከበራ ደግሞ አንድ ጠብታ ቡናማ። ስንት ጠብታ እንደገባ ጻፉ። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ወይም ኮምፔንሳቶ ሁለት ዙር ቀቡና ለ24 ሰዓት አድርቁት፤ እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ይለወጣልና በእርጥቡ አትወስኑ። ከዚያ ባናው ጀርባ አቁማችሁ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት እና ማታ መብራት በርቶ ተመልከቱት። ባናው ነጥቶ ከታየ ቀለሙን አግኝታችኋል፤ የጻፋችሁትን ጠብታ በሊትሩ ቁጥር አባዙ።

ለክፍሉ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ በጥብጡ። 4 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው 44.8 ካሬ ሜትር ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 40 ይወርዳል። 1 ሊትር በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ለሁለት ዙር 8 ሊትር፣ ለመጠባበቂያ 1 ሊትር ጨምሩ። መሐል ላይ አልቆ እንደገና የተበጠበጠ ቀለም ከመጀመሪያው ጋር ፈጽሞ አይገጥምም፤ ልዩነቱ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አምፖሉን መርሳት

በአምፖሉ ካርቶን ላይ የብርሃኑን መልክ የሚለካ የኬልቪን ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። 6500 የሚለው ቡናማውን ሱፍ አመድ ያስመስለዋል፣ የወይራውንም ሙቀት ይገድለዋል። ለሳሎንና ለመኝታ 3000 ይበቃል። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት አምፖሉን ቀይሩ።

በብርድ መቀባት

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ሲደርቅ ተያይዞ አንድ ሽፋን እንዲሆን በጥቅሉ ከ10 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ውሃው ይሄዳል እንጂ ቀለሙ አይጠብቅም። በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚለቅ፣ ሶፋ ጀርባ ላይ ነጭ የሚያትም ግድግዳ ምክንያቱ ይህ ነው። በእነዚህ ወራት ሥራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይለቅ። ሠራተኛው «ማታ ጨርሰን እንውጣ» ቢል እሺ አትበሉ። አዲስ የሲሚንቶ ልስንም ቢያንስ 28 ቀን ይጠብቅ፤ ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራማ ባሕርይ የዘይት ቀለምን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፣ ቀለሙም ያብጣል።

የጭቃ ግድግዳን በዘይት ቀለም ማፈን

በጭድና በጭቃ የተመረገ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይለቃል። የዘይት ቀለም ሲቀባ መውጫው ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከመሠረቱ የሚወጣው ውሃ ከቀለሙ ጀርባ ተጠራቅሞ እንደ ፊኛ ያሳብጠዋል፤ ሲላጥም ምርጊቱን ይዞ ይወድቃል። ለዚህ ቤት የሚስማማው ኖራ ነው፦ ግድግዳው በትንሹ ርሶ፣ ኖራው ቀጥኖ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር። ኦከር ወይም የቀይ አፈር ዱቄት ቢገባበት ከባናና ከአጎዛ ጋር የሚዋደድ ለስላሳ ቀለም ይወጣዋል። ኖራ ልብስ ላይ ስለሚለቅ መደቡ ባለበት ከፍታ ላይ ሰሌን ወይም ወፍራም ጨርቅ ይንጠልጠል። ይህን ዓይነት ቤት «ከተማ ለማስመሰል» በሚያብረቀርቅ ቀለም መሸፈን ቤቱንም ውበቱንም መጉዳት ነው።

ጥበብ በየቦታው

መጋረጃው ባለ ጥበብ፣ የሶፋ ትራሱ ባለ ሌላ ጥበብ፣ የጠረጴዛው ልብስ ባለ ሦስተኛ ጥበብ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በቀለም የተሠራ መሶብ። እያንዳንዱ የሚያምር ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ጥበብ የሚያምረው በዙሪያው ሰፊ ነጭ ስላለው ነው፤ የነጠላን ጫፍ አስቡት። ቤትም ውስጥ ይህ መጠን ይጠበቅ። መጋረጃው ባለ ጥበብ ከሆነ ጥበቡ ከታች በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወሰን፣ ትራሶቹ ከጥበቡ ውስጥ አንዱን ቀለም ብቻ ይዘው ያለ ጌጥ ይሠሩ። የግድ ሁለት ጌጥ ካስፈለገ አንዱ ትልቅ ሌላው ደቃቅ ይሁን፣ ቢያንስ አንድ ቀለም ይጋሩ።

የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ አንበሳ ወይም መስቀል ካለበት የክፍሉ ትልቅ ጌጥ እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝም ይበል።

ጥበቡ ከመሰፋቱ በፊት ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ፈትኑ፦ ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ በጥበቡ ላይ ለ10 ደቂቃ በከባድ ነገር ጫኑት። ጨርቁ ከቀላ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ያ ጥበብ ከነጭ ሸማ ጋር አንድ ላይ አይታጠብም። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበትን ደግሞ በተገላቢጦሽ፣ ላዩ ላይ ጨርቅ አድርጋችሁ ካውያውን አቀዝቅዛችሁ ተኩሱት።

60፣ 30፣ 10ን በዕቃ ቁጥር መቁጠር

ብዙ ሰው ይህን ልክ ሰምቷል፤ 60 በመቶ ዋና ቀለም፣ 30 ደጋፊ፣ 10 ማድመቂያ። ስህተቱ ልኩን በስፋት ሳይሆን በዕቃ ቁጥር መውሰድ፣ ወለሉንና ኮርኒሱንም አለመቁጠር ነው። ከላይ ባለው ክፍል ግድግዳው 40፣ ወለሉ 16፣ ኮርኒሱ 16 ካሬ ሜትር ነው። ወለሉ ላይ ግራጫ ሴራሚክ ካለ ደጋፊ ቀለማችሁ ሳታውቁት ግራጫ ሆኗል ማለት ነው። ቡናማ ሱፍ እዚያ ላይ ከመዘርጋት ግራጫና ጥቁር ሱፍ ያለበትን ፈልጉ። ማድመቂያውን ከመሶቡ ወይም ከጥበቡ አንድ ቀለም ውሰዱ፣ በክፍሉ ውስጥ በሦስት ቦታ ብቻ ይታይ።

የአንዱን አየር ንብረት ለሌላው መቅዳት

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ ሰው ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ለሸዋ ሮቢት የሚስማማው ሴራሚክ ወለል፣ ቀጭን ጥጥና የቀርከሃ ወንበር ደብረ ብርሃን ላይ ሲዘረጋ ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል፤ እግር ሲነካውም ዓይን ሲያየውም። ደጋ ላይ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነገር ይቀነስ፤ እግር የሚያርፍበት፣ ጀርባ የሚደገፍበትና እጅ የሚነካው ሁሉ ሱፍ፣ እንጨት ወይም ወፍራም ጥጥ ይሁን። ሁሉም ሸካራ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ይከብዳል፤ አንድ መስታወት ወይም የተወለወለ የወይራ ጠረጴዛ ብርሃኑን ይመልሳል። ቆላ ላይ ባናው የሚዘረጋ ሳይሆን ተጣጥፎ የሚታይ ጌጥ ይሁን።

ከሰል በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ

ቡና በሚፈላበት ቤት ማንደጃው የሚቀመጥበት ቦታ የዲዛይኑ አካል ነው። በማሽን የሚሠሩት ርካሽ ምንጣፎች ብዙዎቹ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ናቸው፤ በ160 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበሳቸዋለች። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ የነካው ቦታ ከስሎ ይቆማል። ቢሆንም ረከቦቱና ማንደጃው ባሉበት ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር ድንጋይ ወይም ሴራሚክ ሳይሸፈን ይቆይ፣ መጋረጃም አይድረስበት። በብርድ ጊዜ ከባድ መጋረጃ ዘግቶ፣ የመስኮቱን ቀዳዳ ጨርቅ ወትፎ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

መጋረጃን በመስኮቱ ልክ መግዛት

የጨርቁ ወርድ የዘንጉን ርዝመት 2 ወይም 2.5 እጥፍ ይሁን፤ ያለዚያ ሽብሽብ አይኖረውም፣ የተወጠረ አንሶላ ይመስላል። ዘንጉ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ያልታጠበ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ 10 በመቶ ጨምራችሁ ግዙ፣ አጥባችሁ አድርቃችሁ ለልብስ ሰፊ ስጡ። ጫፉ ከወለል 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከመስታወቱም ይራቅ፤ ደጋ ላይ ጠዋት መስታወት ላይ የሚወርደው ውሃ የሚነካውን ጨርቅ ያሻግታል።

በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ከጳጉሜን ገደማ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ቀጥታ ፀሐይ ይገባዋል። ከፍታው ሲጨምር ጨርቅ የሚያደበዝዘው ጨረርም ስለሚበረታ መሶብንና ባለ ቀለም ሰፌድን ፊት ለፊቱ አትስቀሉ፤ መጋረጃውንም ገበር አልብሱት።

ብልን መዘንጋት

ሱፉን የሚበላው የምትበረው ሳትሆን እጯ ናት፤ የምትወደውም ጨለማ፣ የማይነካካ ቦታና ላብ ወይም ወጥ የነካው ጠጉር ነው። ለዚህ ነው ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ባና ቀድሞ የሚበሳው። በየወሩ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አራግፉት፣ እጥፋቱን ቀይሩ። ስታጥቡት ቀዝቃዛ ውሃና ቀላል ሳሙና ይሁን፤ አትጭመቁት፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በጥላ አድርቁት። ሙቅ ውሃ የገባ ሱፍ ይኮማተራል፣ መልሶም አይዘረጋም።

እርጥብ ባሕር ዛፍ

ለመደርደሪያና ለመጋረጃ ዘንግ እርጥብ ባሕር ዛፍ አታሠሩ። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀለም የተቀባበትንም ይገፋል። ተሰንጥቆ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ስስ እንጨት እየገባበት ተደርድሮ፣ ዝናብ በማይነካው ጥላ ሥር ወራት የቆየውን ጠይቁ፤ ሁለት ጣውላ አጋጭታችሁ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።