ዳቦ ቤቱ ኮተቤ፣ ባለቤቷ ጂዳ

አንዲት እህታችን ጂዳ ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ኮተቤ ላይ ዳቦ ቤት ልትከፍት ነው እንበል። የሚያስተዳድርላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ታማኝ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ትወደዋለች። ከተማው ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን፣ ሥራው ካፌ ወይም የውበት ሳሎን ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። እንዲህ የተጀመረ ሥራ ሲዘጋ አብሮት የሚዘጋው ዝምድናም ስለሆነ፣ ገንዘቡ ሳይላክ በፊት መነጋገር ይሻላል።

እኔ እንደማየው ችግሩ የሚጀምረው ከሌብነት አይደለም። ወንድም ሠራተኛ ይሁን የቤተሰብ አባል ሳይለይ ሥራው ሲጀመር ነው። "የኔና ያንተ ምን አለው" ይባልና ደሞዝ ሳይቆረጥለት ይቀራል። ሰውየው ግን ይበላል፣ ቤት ይከራያል፣ ልጅ ያስተምራል። ከካዝናው መውሰዱ አይቀርም። ስንት እንደወሰደ የሚጻፍበት ቦታም የለም። እህቱ ከዓመት በኋላ ሂሳብ ስትጠይቅ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ደሞዝ ቁረጡለት። ለማታውቁት ሥራ አስኪያጅ የምትከፍሉትን ያህል ይሁን። ከትርፍም ድርሻ ልትሰጡት ከፈለጋችሁ በመቶኛ ጻፉት። ትርፍ የምትሉት ምን ምን ተቀንሶ የቀረውን እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪዎችን፣ ማለትም እንደ ወንድማችሁ ያለውን ሥራ አስኪያጅ፣ አይመለከትም። የጋጋሪውና የካሸሯ የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜና የዓመት ፈቃድ በአዋጁ ተቀምጧል። የወንድማችሁን መብት የሚያስጠብቀው ግን በዋናነት የምትፈራረሙት ውል ነው። ጡረታንም አትርሱ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው።

ለእናት መድኃኒት፣ ለእህት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዳቦ ቤቱ ካዝና አይውጣ። እንደ ድሮው ራሳችሁ ላኩ። ይህን መናገር ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ዳቦ ቤት ዱቄት መግዣ ያጣው ቤተሰብ ሲረዳ ከሆነ፣ ነገ ቤተሰቡም የሚረዳው አያገኝም።

ዳቦ ቤት ከሩቅ ለሚያስተዳድር ሰው ጥሩ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ይቆጠራል። ከአንድ ኩንታል ፉርኖ ዱቄት ስንት ዳቦ እንደሚወጣ በራሳችሁ ማሽን፣ በራሳችሁ ጋጋሪ፣ በምትሸጡት ግራም ለአንድ ሳምንት ይለካ። 1,300 ወጣ እንበል። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አጭር መልእክት ይላክላችሁ፤ ስንት ኩንታል ተቦካ፣ ስንት ዳቦ ተሸጠ፣ ስንቱ ተረፈ ወይም ተበላሸ፣ ስንት ብር ገባ። ሦስት ኩንታል ተቦክቶ 3,900 መውጣት ሲገባው 3,500 ከሆነ "የቀረው የት ገባ?" ብላችሁ በቁጣ አትደውሉ። ሊጡ ሲመዘን በዝቶ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ የቦካው ሊጥ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ይታይ፣ የጠፋበት ሰዓት ይጻፍ። ጥያቄያችሁ ስለ ዱቄት ከሆነ ማንም አይከፋም። ወንድማችሁም በማስረጃ መልስ ይሰጣል፣ ከሐሜትም ይድናል። እኔ የቁጥሩን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ የሚገባበትን መንገድ አጥብቡት። ብዙ ደንበኞች ዛሬ በቴሌብርና በሞባይል ባንኪንግ ነው የሚከፍሉት። ክፍያው በወንድማችሁ የግል ስልክ ከገባ የሱቁና የግሉ ብር ይደባለቃል፤ እሱ ራሱ ሊለየው አይችልም። በንግዱ ስም የነጋዴ ሒሳብ ይከፈት። የባንኩም ሒሳብ በንግዱ ስም ሆኖ፣ ከፍ ላለ ወጪ ጣምራ ፊርማ ይጠየቅ። የጥሬ ገንዘቡ ሽያጭ በማግስቱ ጠዋት ሙሉውን ባንክ ይግባ። ወጪ ከባንክ ይውጣ እንጂ ከመሳቢያ አይሁን።

ዱቤ ሌላው ጉድጓድ ነው። ካፌዎችና ምግብ ቤቶች ጠዋት ዳቦ ይወስዱና "ሳምንት እንከፍላለን" ይላሉ። ያለ ዱቤ መሥራት ይከብዳል፣ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጣሪያ ይኑረው። የሳምንቱ ዕዳ ሳይከፈል የሚቀጥለው ሳምንት ዳቦ አይወጣም።

ዋጋ ስታወጡ ዱቄቱን ባለፈው በገዛችሁበት ሳይሆን ዛሬ በምትገዙበት ዋጋ አስሉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የምድጃውና የማቡኪያው መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። በብር ትርፍ ያለው የሚመስል ሱቅ፣ ማሽኑ ሲሰበር መተኪያ ሊያጣ ይችላል። በየወሩ ለማሽን የሚቀመጥ ብር ይኑር። መነሻውን ገንዘብም ሙሉ በሙሉ በማሽንና በሱቅ ማሳመሪያ አትጨርሱት። ቢያንስ የሦስት ወር ዱቄት፣ ኪራይና ደሞዝ የሚሸፍን ይቀመጥ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ፈቃዱን "ለጊዜው" በወንድም ስም ማውጣትን አጥብቄ እቃወማለሁ። በሕግ ፊት ነጋዴው እሱ ይሆናል፤ ቢታመም፣ ቢፋታ፣ ቢሞት ክርክራችሁ ከወራሾች ጋር ነው። አገር ቤት ባትኖሩም በስማችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካወጣችሁ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ትስተናገዳላችሁ። በግል ነጋዴነት ከሠራችሁ የሱቁ ዕዳ የራሳችሁ ዕዳ ነው። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ዕዳው በመደበኛው ወደ ባለቤቱ የግል ንብረት የማይሻገር ድርጅት፣ ማቋቋም ይችላል። ማኅበር ግን የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ስለሆነ የሒሳብ መዝገብ ግድ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሒሳብ ባለሙያ ያዙ። የግብር ማስታወቂያው ጊዜ ጥቅምት 30 ያበቃል፤ ጥቅምት ላይ የዓመቱን ደረሰኝ መፈለግ አይሆንም።

ውክልና በአቅራቢያችሁ ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሸፍነው የአስተዳደር ሥራን ነው። ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመካሰስ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው "ላይበቃ ይችላል" እያለ መሸጥ መለወጡን ሁሉ ጨምሮ ይፈርማል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ለዳቦ ቤቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ስጡ፤ መኖሪያ ቤታችሁን የሚነካ ቃል አይግባበት። ውክልናውን ከሻራችሁ ለባንኩም፣ ሰነዱ ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤትም በጽሑፍ አሳውቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ከወንድማችሁ ጋር ወስኑ። ስንት ብር ከከሰርን፣ ወይም ስንት ወር ተከታትሎ ኪሳራ ከመጣ እንዘጋለን? ልብ ሳይሰበር፣ በጽሑፍ። መዝጋት ሲመጣ ደግሞ በሩን ቆልፎ መሄድ አይበቃም። ንግድ ፈቃዱ ተመላሽ ተደርጎ የግብር ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ማስረጃ) ካልወጣ፣ ሱቁ ባይሠራም ግብሩና ቅጣቱ በስማችሁ ይቆጠራል።