የጭቃ ግድግዳችንን ብርድ በጭድ ምርጊት እንዴት እንዳስቆምኩት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። የቤታችን ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ጭቃው ለቀቀና ተሰነጣጠቀ። ሻማ ሳስጠጋ ነበልባሉ ይጋደማል፤ ነፋሱ የሚገባበትን ቦታ ያገኘሁት በዚህ ነው።

መጀመሪያ ስንጥቁን፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትንም ክፍተት፣ ጭድ በበዛበት ጭቃ ጠቀጠቅኩ። ይህን ሳይደፍኑ ግድግዳ ማወፈር ከንቱ ልፋት ነው።

ከዚያ ምርጊቱ። ብርድ የሚከላከለው ጭቃው ሳይሆን ጭዱ ውስጥ የተያዘው አየር ነው። ስለዚህ ጭዱን ከተለመደው አበዛሁት፤ ጭቃው ለማያያዝ ያህል ብቻ። ለታችኛው ድርብ የገብስ ጭድ፣ ለማለስለሻው ደቃቁ የጤፍ ጭድ። ረግጬ አቡክቼ፣ ውሃ እየጨመርኩ፣ ሽታው እስኪለወጥ አቆየሁት። በደንብ የቦካ ጭቃ ይለጠጣል፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። አሮጌውን ግድግዳ ጫር ጫር አድርጌ አረጠብኩት፤ አለዚያ አዲሱ አይይዝም። አንዱ ድርብ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ሳይደርቅ ሌላ አይደረብም። በክረምት ባይሞከር ይሻላል፤ ጭዱ ይሻግታል።

ወጪዬ የጭድ ዋጋ ብቻ ነው፤ አፈሩ ከጓሮ ነው። አሁን ግድግዳውን ተደግፎ መቀመጥ ይቻላል።

አደራ ግን፣ የተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ እንዳትተኙ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ቡና ሲፈላም መስኮት ይከፈት።