ስለ አፍሪካ ዳይኖሰሮች ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ልጆች ስለ ዳይኖሰር ሲጠይቁን ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ቲ-ሬክስ ነው። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ይጀምራል። ቲ-ሬክስ የኖረው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ነው፤ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ልጁ «እኛ ጋስ ማን ነበር?» ካለ፣ ስፒኖሶረስ ስለሚባለው የአፍሪካ ሥጋ በል ዳይኖሰር ንገሩት።

ስፒኖሶረስን ግን በየብስ እንደሚያድን አውሬ አድርጋችሁ አትሳሉት። አፉ እንደ አዞ ረጅም ነው፤ ዓሣ ይበላ ነበር። ጀርባው ላይ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝሙ አጥንቶች ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው፣ ሞሮኮ ውስጥ የተገኘው ጅራቱ ደግሞ እንደ መቅዘፊያ ሰፊ ነው። ዋኝቶ ያድን ነበር ወይስ ዳር ቆሞ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ ከውሃ አለመራቁን ግን ሁሉም ይቀበላል። የመጀመሪያው አጥንቱ በ1912 በግብፅ ባሕርያ ተገኝቶ ወደ ጀርመኗ ሙኒክ ተወሰደ። በ1944 በቦምብ ድብደባ ነደደ። ይህን ሳስብ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ሌላው ስህተት አጥንቱ አውሮፓ ሙዚየም ስላለ ዳይኖሰሩንም የአውሮፓ ማድረግ ነው። በርሊን ውስጥ ከ13 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው፣ አንገተ ረጅሙ ቅጠል በል ዳይኖሰር ጂራፋታይታን የታንዛኒያ ነው። ከ1909 እስከ 1913 ጀርመኖች ተንዳጉሩ በሚባል ኮረብታ ሲያስቆፍሩ፣ ቆፋሪዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአገሬው ሰዎች ነበሩ። አጥንቱን እስከ ሊንዲ ወደብ የተሸከሙትም እነሱ ናቸው። የሠራተኞቹ አለቃ ቦሄቲ ቢን አምራኒ ይባላል። ስለ ግኝቱ ስታወሩ የእሱንም ስም ጥሩ።

ጂራፋታይታንንና ስፒኖሶረስን አንድ ሥዕል ላይ ማገናኘትም ልክ አይደለም። በመካከላቸው 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለ።

«ዳይኖሰር በሉሲ ዘመን ነበር?» የሚል ጥያቄም ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አልነበረም። ሉሲ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ከወፎች በስተቀር ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ኢትዮጵያ ውስጥ ዳይኖሰር አልነበረም» ማለት ራሱ ስህተት ነው። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ በሙገር ወንዝ ስም በሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ንብርብር ውስጥ፣ የሥጋ በልም የቅጠል በልም ዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ዘመናቸው ከተንዳጉሩዎቹ ጋር ይቀራረባል።