ፍሉቱ ነው ወይስ ከንፈሬ? የአየርላንድ ሙዚቃ ለሚማሩ፣ ችግርና መፍትሄ

የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃ መማር የጀመረ ሰው አንድ ቀን «ዕቃው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ እንደ መሣሪያው ይለያያል። የእንጨት ፍሉት የገዛ ሰው ዕቃውን ያማርራል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩና ጣቱ ላይ ነው። ኮንሰርቲና (በሁለት እጅ እየገፉና እየሳቡ የሚጫወቱትን ባለ ወናፍ ትንሽ ሳጥን) የያዘው ደግሞ «እጄ ነው የማይታዘዘኝ» እያለ ራሱን ይወቅሳል። እዚያ ግን፣ በተለይ ዕቃው ርካሽ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሳጥኑ ነው። ስለዚህ ከልምምዱ በፊት ምርመራው ይቅደም።

ከፍሉቱ እንጀምር። የምናወራው ስለ ብረቱ ፍሉት አይደለም። የአየርላንድ ተጫዋቾች የሚነፉት ስድስት የጣት ቀዳዳ ያለው፣ በዲ (D) ኖታ የተቃኘ የእንጨት ፍሉት ነው። ቴኦባልድ ቦም የተባለው ጀርመናዊ የዛሬውን ባለ ብዙ ቁልፍ የብረት ፍሉት እ.ኤ.አ. በ1847 ሲያወጣ የኦርኬስትራ ሰዎች ቀስ በቀስ የእንጨቱን ተዉት። የተተወው ዕቃ በርካሽ እየተሸጠ ስላይጎ፣ ሮስኮመንና ሊትሪም እስከሚባሉት የአየርላንድ አውራጃዎች ገጠር ድረስ ገባ። ዛሬም የፍሉት አገር ሲባል ስማቸው የሚነሳው እነሱ ናቸው።

ብነፋ ብነፋ የሚወጣው አየር ብቻ ነው

ይህ የከንፈር ጉዳይ ነው። በከንፈራችሁ መሀል ያለው ክፍተት ሰፍቷል፣ ወይም አየሩ ከቀዳዳው በላይ እያለፈ ነው። አየሩ መሄድ ያለበት ወደ ማዶኛው የቀዳዳው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ላይ ሲሰነጠቅ ነው ድምፅ የሚሆነው። ዋሽንት የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነገር ግን ዋሽንት ከጫፉ፣ ፍሉት ከጎኑ ስለሚነፋ የለመደው የከንፈር አያያዝ እዚህ አይሠራለትም።

የፍሉቱን ራስ ብቻ ነቅላችሁ ያዙና መስታወት ፊት ቁሙ። የታችኛው ከንፈራችሁ የመንፊያ ቀዳዳውን ሲሶ ያህል ይሸፍን። ትኩስ ሻይ ለማብረድ እፍ እንደምትሉት ንፉ፤ ከንፈራችሁን ግን ከዚያም ይበልጥ አጥብቡት። እየነፋችሁ ቱቦውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አሽከርክሩት። የሆነች ቦታ ላይ ድምፁ ጥርት ይላል። ከንፈራችሁ ያቺን ቦታ እስኪለምዳት ድረስ ሌላውን ክፍል አትግጠሙት። ራሳችሁን ቢያዞራችሁ አትደንግጡ፤ ክፍተቱ ሰፍቶ አየር በከንቱ እየባከነ ነው። አረፍ እያላችሁ በአጭር በአጭሩ ተለማመዱ።

ሌላው ይወጣል፣ ታችኛው ዲ ግን እምቢ አለ

ለዚህኛው ችግር ጊዜ ስጡት። ታችኛው ዲ ፍሉቱን ሁሉ ይመረምርላችኋልና። ስድስቱም ቀዳዳ መዘጋት አለበት። አንዷ ትንሽ ካስተነፈሰች ኖታው ይሞታል፣ ወይም ዘሎ ላይኛው ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጭኑ) ላይ ይወጣል።

በቅደም ተከተል ውረዱ። አንድ ጣት ቢ ነው፣ ሁለት ኤ፣ ሦስት ጂ፣ አራት ኤፍ ሻርፕ፣ አምስት ኢ፣ ስድስት ዲ። ቢ ራሱ ደካማ ከሆነ ወደ ከንፈራችሁ ተመለሱ። እስከ ጂ ደህና ሆኖ ከዚያ በታች ከተበላሸ ቀኝ እጃችሁን ጠርጥሩ፤ በተለይ የቀለበት ጣታችሁን።

አሁንም «ዕቃው ነው» ካላችሁ እንዲህ ፈትኑት። ራሱን ንቀሉ፤ የግርጌ ክፍል ካለውም አውልቁት። ስድስቱን ቀዳዳ በፕላስተር ድፈኑ። የታችኛውን ጫፍ ጭናችሁ ላይ ደግፋችሁ ዝጉና ከላይ አየሩን በአፋችሁ ሳቡ። ከንፈራችሁ ላይ ጥብቅ ካለ እንጨቱ ደህና ነው። ከዚያ ፕላስተሩን አንሱና በጣታችሁ ዘግታችሁ ድገሙት። አሁን ካስተነፈሰ ጥፋተኛው ጣት ነው፤ ክርክሩ አለቀ። በፕላስተርም ካስተነፈሰ ግን መገጣጠሚያው ላልቷል፣ ወይም እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ ወይም ቁልፍ ያለው ፍሉት ከሆነ የቁልፉ ክዳን አልገጠመም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለባለሙያ ተዉለት።

ጣት ከሆነ፣ በጣት ጫፍ መዝጋቱን ተዉት። ጣታችሁን ዘርግታችሁ በመካከለኛው አንጓ ሥጋ ዝጉ። ባግፓይፕ የሚነፉ ሰዎች እንዲህ ነው የሚይዙት። ደግሞ አትጭመቁ። የተጨመቀ ጣት ይደነድንና ቀዳዳውን ይስታል፤ ቀዳዳው የሚፈልገው ለስላሳ ሥጋ ነው።

መገጣጠሚያው ከላላ የጥጥ ክር በሰም አሽታችሁ ጠምጥሙበት። ጥቂት ዙር፣ ሙከራ፣ እንደገና ጥቂት ዙር። ታግሎ የሚገባ እስኪሆን ድረስ ግን አታብዙት፤ እርጥበት ሲነካው ያብጥና የሚገባበትን ክፍል ይሰነጥቀዋል። የታችኛውና የላይኛው ኦክታቭ በቱነር (ቅኝት በሚለካው መሣሪያ) አልስማማ ካሉ ደግሞ የፍሉቱ ራስ ውስጥ ያለውን ቡሽ እዩት። ከመንፊያ ቀዳዳው መሀል እስከ ቡሹ ፊት 19 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት።

ስለ እንጨቱ ጥቂት ልበል። ጥሩ ፍሉቶች በብዛት የሚሠሩት ከአፍሪካው ጥቁር እንጨት ነው፤ በአገራችን ቆላማ ቦታዎችም የሚበቅል ዛፍ ነው። ብረት የሚያህል ጥንካሬ ቢኖረውም ድርቀት ይጎዳዋል። አዲስ አበባ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ሲደርቅ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን በብርዱ ወራት ማሞቂያ ቀን ከሌት ሲነድ፣ ስንጥቅ የሚመጣው ያኔ ነው። ውስጡን በስሱ የአልመንድ ዘይት ቀቡት፤ ቆይታችሁ የተረፈውን ጥረጉ። የፍሉቱ ማስቀመጫ ውስጥ ቀዳዳ ባለው ዕቃ የተቀመጠ እርጥብ ስፖንጅ አኑሩ። አዲስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ አትንፉት። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምኔ ለሚል ሰው ዴልሪን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ፍሉት አለ። ለጀማሪ እኔም የምመክረው እሱን ነው።

ዜማው ሳያልቅ ትንፋሼ ያልቃል

ሪል የሚባለው ፈጣን የጭፈራ ዜማ ዕረፍት የለውም። ስምንት ባር (የምት ክፍል) ሁለት ጊዜ፣ ሌላ ስምንት ባር ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ከሀ። ዕረፍት የሚጠብቅ ሰው ይታፈናል። ስለዚህ ትንፋሽ የሚገኘው ኖታ በመጣል ነው። ከምቱ ራስ ላይ ያልሆነ አንድ ኖታ ትተዋላችሁ፣ ወይም ረዥሙን ታሳጥሩታላችሁ፤ በዚያች ክፍተት ትተነፍሳላችሁ። በየክፍሉ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ምረጡና እየቀያየራችሁ ተጠቀሙባቸው። ሳንባችሁ ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ። ቺፍታንስ በተባለው ባንድ ፍሉት የተጫወተውን ማት ሞሎይን አድምጡት፤ የሮስኮመን ልጅ ነው። ዜማውን ትታችሁ የት የት እንደሚተነፍስ ብቻ ተከታተሉ።

ኮንሰርቲናው አንድ ኖታ አኮረፈ

አየርላንድ ውስጥ በብዛት የሚጫወቱት ባለ 30 ቁልፍ፣ በሲና በጂ የተቃኘ አንግሎ የሚባለውን ዓይነት ነው። መናኸሪያው ክሌር አውራጃ ነው፤ የኪልረሽ ከተማዋ ተጫዋች ኤልዛቤት ክሮቲ ስሟ እስከ ዛሬ ይነሳል። አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲገፋ አንድ ኖታ፣ ሲሳብ ሌላ ኖታ ይሰጣል። ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ ሁለት ትናንሽ የብረት ምላሶች አሉ፤ አንዷ ለመግፋት፣ አንዷ ለመሳብ።

ምርመራውን ቀላል የሚያደርገው ይኸው ነው። ያኮረፈውን ቁልፍ ተጫኑና ግፉ፤ ከዚያ ሳቡ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከጠፋ ችግሩ የምላሷ ነው፤ አቧራ ወይም የጨርቅ ብናኝ ይዟታል። በሁለቱም አቅጣጫ ከጠፋ ችግሩ የቁልፉ ወይም የክዳኑ ነው። ሳትጫኑት የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ስፕሪንጉ ወልቋል፣ ወይም ክዳኑ ቀዳዳው ላይ አልተቀመጠም።

ምላስ ከሆነች መጀመሪያ ኖታውን ጠንከር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አጫውቱት፤ ብዙ ጊዜ ብናኙ ራሱ ይወጣል። እምቢ ካለ ጎኑን ክፈቱ። ብሎኖቹን ግን ዝም ብላችሁ አትበትኑ፤ በተነሱበት ተራ ወረቀት ላይ ደርድሯቸው፣ በስልክም ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ወደ ወጣበት ቀዳዳ መመለስ አለበት። ስስ ወረቀት በምላሷና በማቀፊያዋ መሀል ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ምላሷን አትፋቁ፣ አታጥፉ። ትንሽ ብረት ከተፋቀች ቅኝቷ ይለወጣል።

ጠቅላላ ድምፁ ደካማ ከሆነና ክንዳችሁ ቶሎ ከዛለ ወናፉን ጠርጥሩ። ምንም ቁልፍ ሳትነኩ አንዱን ጎን ይዛችሁ ሌላው እንዲንጠለጠል ተዉት። ዝግ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። ዘፍ ካለ ያስተነፍሳል። የጎን ብሎኖቹን በስሱ አጥብቃችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ካልሆነ የወናፉ ማዕዘን ቆዳ ስለሆነ ወደ ሠሪ ነው።

ወናፉ ተዘርግቶ አለቀብኝ

ይህኛው የእናንተ ነው። ዕቃው በሲና በጂ ቢቃኝም በሴሽን (ተጫዋቾች በክብ ተቀምጠው አብረው በሚጫወቱበት ስብስብ) ላይ ዜማው በብዛት ዲ ላይ ነው። ዲ፣ ኤፍ ሻርፕና ኤ በተለመደው መንገድ ሦስቱም የሚገኙት በመሳብ ነው። ወናፉ ይከፈታል ይከፈታል፣ መዝጊያ ያጣል። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዲ በጂ ረድፍ ላይ በግራ እጅ በመግፋትም ይገኛል፤ ጂና ቢም እንደዚያው። መሳብ በበዛበት ቦታ ላይ እነሱን አስገቡ። ሁለተኛ፣ በቀኝ አውራ ጣት ሥር ያለውን የአየር ቁልፍ ተጠቀሙ። ጀማሪ ዜማው ሲያልቅ ብቻ ነው የሚነካው። የሚገፋ ኖታ እየተጫወታችሁ ለቅጽበት ነካ አድርጉት፤ ኖታው ሳይቋረጥ ወናፉ ይሰበሰባል።

«ሲ ሻርፕ የለኝም» የሚል ሰው ካለ ባለ 20 ቁልፍ ገዝቶ ይሆናል። በሲና በጂ የተቃኘው ባለ 20 ቁልፍ በእርግጥም የለውም፤ ልምምድ አያመጣውም። ባለ 30ውም ቢሆን ዊትስቶንና ጄፍሪስ የሚባሉ ሁለት አደራደሮች አሉት። በዊትስቶኑ የቀኝ ላይኛው ረድፍ የመጀመሪያ ቁልፍ ሲ ሻርፕ የሚሰጠው ሲገፋ ነው፤ በጄፍሪሱ ሲሳብ። በቪዲዮ የምትማሩ ከሆነ የአስተማሪው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሲገፋም ሲሳብም አንድ ዓይነት ኖታ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የገዛችሁት የእንግሊዙን ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የክሌርን መንገድ ግን አያስተምራችሁም።

ኖታው ትክክል ነው፣ አየርላንድ ግን አይመስልም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወረቀት ነው። ሪል በወረቀት ላይ እኩል እኩል ኖታ ሆኖ ይጻፋል፤ ሲጫወቱት ግን አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ይላል። ይህ በጆሮ ካልሆነ አይገባም። ቅጂውን በስልክ ዝግ አድርጉና መጀመሪያ አንጎራጉሩት። በአፍ ያልወጣ ዜማ በጣት አይወጣም። ፍሉት ላይ ደግሞ እያንዳንዱን ኖታ በምላስ መምታት ተዉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሮል የሚባለው ማስዋቢያ ነው። ጀማሪ አምስት ኖታ ነው ብሎ ይቆጥርና ይንተባተባል። ፍሉት ላይ በጂ ሞክሩት። መጀመሪያ አንድ ረዥም ጂ ንፉ፤ በሦስት እኩል ምት በልባችሁ ቁጠሩት። ሁለተኛው ምት ላይ ከላይ ያለውን አንድ ጣት ብልጭ አድርጋችሁ መልሱ። ሦስተኛው ላይ የቀኝ ጠቋሚ ጣታችሁን ቀዳዳው ላይ ጣል አድርጋችሁ አንሱ። ትንፋሹ አይቋረጥ። የተነሳውም የወደቀውም ጣት ኖታ ሆኖ ከተሰማ ዘግይቷል፤ መሰማት ያለበት ምት ብቻ ነው። ታችኛው ዲ ላይ ይህ አይሠራም፤ ከሥሩ የሚጣል ጣት የለም። እዚያ ክራን የሚባለውን፣ በማንሳት ብቻ የሚሠራውን ተማሩ።

ሴሽን ላይ ስገባ ይጠፋብኛል

እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየሐምሌው ሚልታውን ማልቤይ ከተማ የዊሊ ክላንሲ የክረምት ትምህርት ቤት ይካሄዳል። የዚያን ሳምንት መጠጥ ቤቱ ሁሉ በክብ በተቀመጡ ተጫዋቾች ይሞላል። እንዲህ ያለ ቦታ የማታውቁትን ዜማ ኖታ እየፈለጋችሁ አትነካኩ፤ ሰዉ በዝምታ ይታገሣችኋል እንጂ አይወደውም። የምታውቁት ዜማ ከፈጠነባችሁ የምቶቹን ራስ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ተጫወቱና ሌላውን ዝለሉት። የማታውቁትን አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅዱ። ስሙንና ቅኝቱን ግን ዙሩ ካለቀ በኋላ ጠይቁ፤ መሀል ላይ የሚጠይቅን ሰው ማንም አይመልስለትም።